አክተሩ የጠፋበት ፊልም

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ዛሬ የለም፤ በስፍራው የስልክ ጥገና ሱቅ ተከፍቶበታል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ግን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ አክስቴ ዘንድ በምሰነብትበት ጊዜ፣ ከከተማይቱ ሁሉ አጥብቄ የማውቀው እርሱን ነበር። መግቢያው አንድ ብር ነው። ውስጡ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይሞቃል፤ ከጦሳ ሥር ብርድ ለለመደ ልጅ ደግሞ ሙቀቱ እጥፍ ነው። ለአሥር ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ አሥራ አምስት ይቀመጥበታል፤ የቀረነው ትንንሾቹ መሬት ላይ እንሆናለን። የቤቱ ባለቤት በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ሆኖ ብር ይቀበላል፣ የሚጮኸውን ይገሥጻል፣ የሚያንቀላፋውን ይቀሰቅሳል።

አንድ ቅዳሜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ኦንግ-ባክ 2፤ ቶኒ ጃ» የሚል ተጽፎ አየን። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የመጀመሪያውን ኦንግ-ባክ ያላየ ልጅ በሰፈራችን አልነበረምና። ክርንና ጉልበት ከቡጢ ይልቅ እንደሚያስፈራ ያስተማረን እርሱ ነው። እናቶቻችን ግን በዚህ ትምህርት አልተደሰቱም፤ የእኔይቱ «ጉልበትህ እንዲህ ካማረህ እንጨቱን ፍለጥ» ትለኝ ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰይፍ አለ፣ ዝሆን አለ፣ አዞ አለ፤ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። በመጨረሻው ላይ ግን ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አክተሩ እጅግ ብዙ ሰው ከጣለ በኋላ በጠላት ተከበበ፣ ተያዘ፣ ታሰረ፤ ቀስ በቀስ ተደብድቦ እንዲሞትም ተፈረደበት። አንድ ድምፅ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ጢሙ የረዘመ ሰው በአንድ የቡድሃ ምስል ፊት ቆሞ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጠቆረና የሠራተኞቹ ስም መውረድ ጀመረ።

ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ሲዲው ጎድሏል!» ሲል አንዱ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ሲዲ ያምጡት እንጂ!»

«ወላሂ ሙሉ ነው!» አለ ባለቤቱ ከበርጩማው ተነሥቶ፤ «ፊልሙ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ከኋላ የነበረ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወዛደር እየሳቀ፣ ነገር ግን እጁን ዘርግቶ፣ «አክተር ይሞታል እንዴ ጋሼ? ይልቅ ብራችንን ይመልሱልን» አለው።

አንባቢ እንደሚያውቀው የቪዲዮ ቤት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አክተር አይሞትም የሚለው ነው። ባለቤቱ ሲዲውን አውጥቶ በልብሱ ጫፍ ወለወለ፣ እንደ ገና አስገባ፣ የመጨረሻውን ክፍል ደግሞ አሳየን። ያው ነው። ብሩ አልተመለሰም፤ እኛም ያን ሰው እንደ አጭበርባሪ ቆጥረን ወጣን። እንዳጠፋንበት የተረዳሁት ዘግይቶ፣ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ፊልሙ አሠራር ማንበብ በጀመርሁ ጊዜ ነው። ሲዲው ሙሉ ነበር። የጎደለው በሩቅ አገር፣ በታይላንድ፣ ፊልሙ በተሠራበት ስፍራ ላይ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልያዝ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።) ቶኒ ጃ በ1968 ዓ.ም. በታይላንድ ምሥራቃዊ ሰሜን፣ ሱሪን በሚባል አውራጃ ተወለደ። ወላጆቹ ዝሆን ያረቡ ነበር። እኛ አገር የገጠር ልጅ ከበሬና ከበቅሎ ጋር እንደሚያድግ ሁሉ እርሱም ከዝሆን ጋር አደገ። በቤተ መቅደስ ክብረ በዓል ጊዜ በሜዳ ላይ በሚታየው ፊልም ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን አየ፤ ያየውንም በሩዝ ማሳ ውስጥ፣ በዝሆኖቹ ጀርባ ላይ እየዘለለ ይሞክር ጀመር። ይህን ሳነብ ያ ቆርቆሮ ቤት ትዝ አለኝ። እኛም ያየነውን ቦርከና ዳር አሸዋው ላይ እንሞክር ነበር፤ ልዩነቱ እርሱ አለመተዉ ነው።

ገና ልጅ ሳለ ፓና ሪቲክራይ የሚባለውን ሰው ካላገኘሁ ብሎ አባቱን አስቸገረ። ፓና በኮን ኬን ከተማ ይኖር የነበረ፣ በጥቂት ገንዘብ የድብድብ ፊልም እየሠራ ለገጠር ሕዝብ የሚያሳይ፣ ራሱም የሚተውን፣ የዘላዮችና የተደባዳቢዎች ቡድን ያቋቋመ ሰው ነው። የባንኮክ ባለሥልጡኖች ፊልሙን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር፤ የአገር ቤት ሰው ግን ይወድለት ነበር። ልጁን ተቀበለው። ዝላይ ብቻ አላስተማረውም፤ ትምህርትህን አትተው ብሎ ማሃ ሳራካም ወደሚገኘው የስፖርት ኮሌጅ እንዲገባ አደረገው። ይህን ነጥብ የማነሣው ተማሪዎቼ እንዲያነቡልኝ ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ ቶኒ ጃ ለብዙ ዓመት ፊቱ የማይታይ ሰው ሆኖ ሠራ፤ ማለት ታዋቂው ተዋናይ መውደቅ ሲኖርበት በእርሱ ፈንታ የሚወድቅ ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የሞርታል ኮምባት ሁለተኛ ፊልም ውስጥ ለዋናው ተዋናይ ለሮቢን ሹ ተተክቶ የዘለለው እርሱ ነው። በመጨረሻም መምህርና ተማሪ አንድ ላይ ሆነው ጥንታዊውን የታይላንድ ግብግብ፣ ሙአይ ቦራንን፣ አጠኑና የሚያሳይ አጭር ፊልም ቀረጹ። ይህን ለዲሬክተሩ ለፕራችያ ፒንካዩ አሳዩት። ኦንግ-ባክ በ1995 ዓ.ም. የተወለደው እንዲህ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ከአንድ የገጠር መንደር የቡድሃ ሐውልት ራስ ይሰረቃል፤ አንድ የመንደር ልጅ ሊያስመልስ ወደ ባንኮክ ይሄዳል። ታቦቱ የተሰረቀበት አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ተዋናዩ በሽቦ ተንጠልጥሎ አልበረረም፤ በኮምፒዩተርም አልታገዘም፤ ዝላዩ ዝላይ፣ ምቱም ምት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ቶም-ዩም-ጉንግ የሚባለው ተከተለ፤ በዚያ ውስጥ አራት ደቂቃ ያህል ካሜራው ሳይቋረጥ ሰውየው ፎቅ ለፎቅ እየተደባደበ ሲወጣ የሚታይበት ክፍል አለ። ካላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት።

እንግዲህ በሠላሳ ዓመቱ ዝናው ከታይላንድ አልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ። የፊልም ኩባንያው፣ ሳሃሞንግኮል፣ ሁለተኛውን ኦንግ-ባክ ሲያስብ ቶኒ ጃ ራሱ ዲሬክተር ልሁን አለ። ተፈቀደለትም። ሥራው በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተጀመረ።

ስሙ ሁለተኛ ይባል እንጂ ከመጀመሪያው ጋር በታሪክ አይገናኝም። የሚናገረው ስለ 15ኛው መቶ ዓመት ሲያም ነው፤ በእኛ በኩል የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ማለት የዘመኑ ልብስ፣ የዘመኑ መንደር፣ ጦር፣ ጋሻ፣ የዝሆን መንጋ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ማለት ነው። ደግሞም ጀግናው የሚያውቀው የታይላንድን ግብግብ ብቻ አይደለም፤ የጃፓን ሰይፍ፣ የቻይና ኩንግ ፉ፣ ባለ ሦስት ቁራጭ ዱላ፣ ገመድ ላይ የታሰረ ስለት፣ የሰካራም ስልት፣ ሁሉንም ይዟል። ቶኒ ጃ የሚያውቀውንና የሚወደውን ሁሉ በአንድ ፊልም ውስጥ ሊያስገባ ፈለገ። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የጀመረው ከዚሁ ነው።

የድብድብ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ብዙዎቻችን አናስብም። አንድ ደቂቃ የሚታይ ግብግብ የብዙ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ምቱ ጥቂት ከሳተ ይደገማል፤ ተዋናዩ ከደከመ ይታረፋል፤ ከተጎዳ ሁሉም ይቆማል። በዚህ መካከል ግን ዝሆኑ ይበላል፤ የቀን ሠራተኛው ደመወዙን ይቀበላል፤ የካሜራው ኪራይ ይቆጥራል። በደንበኛው አሠራር ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ ካሜራ ፊት የሚደባደብ፣ ግብግቡን የሚያቀናብር፣ ከካሜራው ኋላ ሆኖ «ይኸኛው ይበቃል፤ እንቀጥል» የሚል። ሦስቱ አንድ ሰው ሲሆኑ በቃ የሚል አይገኝም። መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎቼ የሰኔ 30ን የበጀት መዝጊያ ጭንቀት ስለሚያውቁ የቀረውን መገመት አያቅታቸውም። እንደ አጋጣሚም የዚህ ፊልም ሒሳብ የተናጋው ያው በክረምቱ መግቢያ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ክረምት ላይ ቶኒ ጃ ከሥራው ስፍራ ጠፋ የሚል ወሬ ባንኮክን ሞላው። ፕራችያ ፒንካዩ፣ ያ የመጀመሪያውን ፊልም የሠራው ሰው፣ ለጋዜጠኞች በሰጠው ቃል ተዋናዩ ሁለት ወር ያህል ከሥራው እንደ ተለየ፣ ፊልሙም ሳያልቅ እንደ ቀረ ተናገረ። የአሜሪካው ዋይንስታይን ኩባንያ ፊልሙን በተወሰነ ቀን ለመረከብ ተዋውሎ ስለ ነበር ጉዳቱ ከ250 ሚሊዮን ባት በላይ ነው አለ። ቶኒ ጃም በበኩሉ በቴሌቪዥን ቀርቦ መልስ ሰጠ። የተለየሁት ለሚቀጥለው ቀረጻ ራሴን ለማዘጋጀት ነው፤ ሥራው የቆመውም ኩባንያው ገንዘብ ስለ ሌለው ነው ሲል ተከራከረ። ስለ መሰወሩ ሌላም ብዙ ተወርቷል፤ እርሱን አልደግመውም፤ የታዋቂ ሰው ወሬ በደሴ ፒያሳም ሆነ በባንኮክ አንድ ነው።

ከሁለቱ ማን እውነት ተናገረ? እኔ ሁለቱም ይመስሉኛል። ገንዘቡ ያለቀው ሥራው ስለ ረዘመ ነው፤ ሥራው የረዘመው አንድ ሰው ሁሉን ስለ ተሸከመ ነው፤ ሰውየው የተሰወረው ደግሞ ሸክሙ ስለ ከበደውና ገንዘቡም ስላለቀ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንደ ቀለበት ነው፤ ጫፉን ይዞ ጥፋተኛ ማውጣት አይቻልም። ግን ደግሞ ኩባንያውንም ነጻ አላወጣውም። ዲሬክተርነትን ከዚያ በፊት ሞክሮ ለማያውቅ ተዋናይ እንዲህ ያለ ሰፊ ሥራ ያለ ረዳት ያስረከበው እርሱ ነውና።

የኩባንያው ባለቤት ሶምሳክ ቴቻራታናፕራሰርት በመጨረሻው ከተዋናዩ ጋር አብሮ በጋዜጠኞች ፊት ቀረበና ሥራው እንደሚቀጥል አስታወቀ። የሚያስጨርሰው ማን ሆነ? ፓና ሪቲክራይ። ያ ከኮን ኬን የመጣው ያገር ቤት መምህር ተጠርቶ ተማሪው ጀምሮ ከተወው ሥራ ላይ ገባ። ፊልሙም በኅዳር 2001 ዓ.ም. ታይላንድ ውስጥ ታየ፤ በዲሬክተርነት የሁለቱም ስም ተጻፈበት።

ሁለተኛ ፊልም ሲሠሩ መጣላት የቶኒ ጃ ብቻ ዕጣ አይደለም። ጃኪ ቻን በ1971 ዓ.ም. የሠራውን ድራንክን ማስተር የሚከተለው ሁለተኛ ፊልም በ1986 ዓ.ም. ወጣ። የዚያ ዲሬክተር ላው ካር-ለዩንግ የጥንቱን የደቡብ ቻይና ኩንግ ፉ ሥርዐት ጠብቆ ማሳየት የሚሻ ሰው ነበር፤ ጃኪ ቻን ግን ያለ ቀልድና ያለ አደገኛ ዝላይ አይሆንለትም። አልተስማሙም። ላው ከመጨረሻው ግብግብ በፊት ትቶ ሄደ። ጃኪ ቻን ያን ፍጻሜ ራሱ ቀረጸው፤ አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል፤ በጋለ ፍም ላይ በእጁና በእግሩ ሲሸሽ የሚታየውም በዚያው ነው። እንግዲህ በሆንግ ኮንግ መምህሩ ሄደ፣ ተዋናዩ ጨረሰ፤ በታይላንድ ተዋናዩ ሄደ፣ መምህሩ ጨረሰ። የብሩስ ሊ ነገር ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል። ጌም ኦፍ ዴዝ የተባለውን ጀምሮ ሳይጨርስ በ1965 ዓ.ም. ሞተ፤ በ1970 ዓ.ም. የወጣው ፊልም በምትክ ሰዎች የተሞላ ነው። የእርሱን መነጽር አድርጎ የሚሄደው ሰው እርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ፓና ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የእርሱ ነገር ስለ ሆነ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ዓምና ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ብርቱ ልጅ፣ ለዓመቱ መዝጊያ አንድ ትያትር ጻፈ። ልምራውም አለ፤ ዋናውንም ክፍል እኔ ልጫወተው አለ። ደስ ብሎኝ ፈቀድሁለት። የቀረው ሦስት ሳምንት ሲሆን ከልምምድ ቀረ። መጀመሪያ አሞኛል አለ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ባገኘሁት ጊዜ በጓደኞቹ ፊት ቆጣሁት። «ኀላፊነት የማያውቅ ሰው ትልቅ ሥራ አይጀምርም» አልሁት። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ትያትሩ ቀረ። ሌሎቹ ልጆች የሰፉት ልብስ እስካሁን በዕቃ ቤት በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። በኋላ ከአንድ ጓደኛው እንደ ሰማሁት ልጁ መጨረሻውን መጻፍ አቅቶት ነበር፤ እርዱኝ ማለት ደግሞ አፈረ። ሦስት ሳምንት ለሁለት ሰው በቂ ጊዜ ነው። አጠገቡ ብቀመጥ ኖሮ ይጠናቀቅ እንደ ነበር አውቃለሁ።

ፓና በዚያ ክረምት ለተማሪው ምን እንዳለው እኔ አልሰማሁም። ያደረገው ግን በፊልሙ ላይ ይታያል። በእርሱ ፈንታ ሌላ ተዋናይ አላስገባም፤ የልጁን ሥራ አውጥቶ በራሱ አልተካም፤ የሰይፉንም የዝሆኑንም ምኞት እንዳለ ተቀብሎ ለሲኒማ አደረሰው።

የሚያስገርመው የፊልሙ ታሪክ ራሱ የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ጀግናው ቲየን የመኳንንት ልጅ ነው። አባቱ ሲሐዴቾ ራጃሴና በሚባል ከሐዲ ተገደለበት። ልጁ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቆ ለአዞ ሊሰጥ ሲል ቸርናንግ የሚባል የሽፍቶች አለቃ ያድነዋል፤ እንደ አባት ያሳድገዋል፤ የጦር ዕውቀትን ሁሉ ያስተምረዋል። በመጨረሻው ግን ምሥጢሩ ይወጣል። አባቱን በገደሉበት ሌሊት ከገዳዮቹ አንዱ ያው ቸርናንግ ነበር። መምህሩ በተማሪው ሰይፍ ላይ ራሱን ይጥላል። ይህ ሁሉ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ አልገባንም ነበር፤ ያኔ የምንጠብቀው ክርኑን ነው። በቅርቡ እንደ ገና ሳየው ግን ዐይኔ የቆየው በእርሱ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ መምህሩ ባለዕዳ ነው፤ ከካሜራው ኋላ ግን ዕዳውን የከፈለው መምህሩ ሆነ።

እንዲሁም መጨረሻው። ጀግናውን ታስሮ ትተውት መሄዳቸው አስቀድሞ የታሰበ ይሁን ወይስ ጊዜና ገንዘብ ያመጣው፣ ለእኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ያለቀ ታሪክ እንዲህ አይቆምም፤ እንዲህ የሚቆም የደከመው ሰው ነው። ቢሆንም ከዝሆኖቹ መካከል የሚደረገው የመጨረሻው ግብግብ ስለ ድካም አያወራም። በእኔ ግምት ከመጀመሪያው ፊልም ጋር ሊወዳደር የሚችል ነው፤ እንዲያውም ተዋናዩ በዝሆኖች ጀርባ ላይ ሲሮጥ በማየት ብቻ የሱሪኑን ልጅ እናገኘዋለን።

ሦስተኛው ክፍል በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ይህም በሁለቱ ስም ነው። ያ የተደበደበው ሰው በመንደር ሰዎች ተነሥቶ፣ በጸሎትና በጥንቱ የታይላንድ ጭፈራ ተፈውሶ፣ ጠላቱን ሲገጥም ያሳያል። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ደካማ ነው፤ ጭፈራው ይበዛል፣ ግብግቡ ያንሳል። ቶኒ ጃም ፊልሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ ግንቦት 20 ቀን፣ (እኛ አገር ያኔ ሰልፍ እንወጣበት በነበረው ዕለት መሆኑ ነው) ሱሪን ውስጥ በአንድ ቤተ መቅደስ ራሱን ተላጭቶ መነኰሰ። በእነርሱ ሃይማኖት ምንኵስና ለጊዜው ሊሆን ስለሚችል በኋላ ወጥቶ አገባ፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ፊውሪየስ 7 በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥም ታይቷል።

ፓና ሪቲክራይ ሐምሌ 13 ቀን 2006 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ ሞተ። ብሩስ ሊ የሞተውም ሐምሌ 13 ቀን ነበር፤ 41 ዓመት ቀደም ብሎ።

ሦስተኛው ክፍል ኮምቦልቻ የደረሰው በ2003 ዓ.ም. ይመስለኛል። ባለቤቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልልቁ «ኦንግ-ባክ 3፤ የጎደለው ተገኘ» ብሎ ጻፈ። ያ ወዛደር በሩ ላይ ቆሞ «ባለፈው ከፍለናል እኮ ጋሼ» ቢለው፣ «ያኔ የከፈልኸው ለሁለተኛው ነው፤ ወላሂ እርሱም ሙሉ ነበር» ብሎ እጁን ዘረጋለት። ሁላችንም አንድ አንድ ብራችንን ሰጥተን ገባን። ጭፈራው ላይ ሲደርስ ወዛደሩ ከኋላ አንቀላፍቶ ነበር፤ ባለቤቱም ያን ቀን አልቀሰቀሰውም።